የሮኬቱ ጉሮሮ

አባቴ የሚፈትነኝ ይመስለኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርታችን በፈረቃ ስለነበር ስድስት ሰዓት ላይ እንለቀቃለን። ወደ ቤት ሮጬ እናቴ በጨርቅ የቋጠረችውን ምሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆጮ በጎመን፣ እቀበልና ከዲላ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለው ቶርኖ ቤት አደርሳለሁ። አባቴ ደጀኔ እዚያ ብረት ቀራጭ ነበር። የቡና መፈልፈያ ዘንግ ሲሰበር፣ የወፍጮ ጥርስ ሲበላ፣ የባጃጅ እግር ሲጣመም ከወናጎም ከይርጋጨፌም ወደ እሱ ይመጣል። በዚያ ሰፈር ውስጥ የጋሽ ደጀኔ ልጅ መባል ትልቅ ነገር ነበር፤ እኔም ምሳውን ይዤ ስሄድ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ ሰው እንዲያየኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሠራተኞች ይወጣሉ። ባለቤቱ ጋሽ ገሪማም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማል። ያን ጊዜ አባቴ እጁን በናፍጣ ያጥብና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ወረቀቱ ላይ የብረት ሥዕል አለ፤ በየአቅጣጫው ቀጫጭን ቀስቶች፣ በየቀስቱ ላይ ትናንሽ ቁጥሮች።

«ሩሂ፣ እስቲ ይሄ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«አይተሽ ነው?»

«አይቼ ነው።»

የብረት መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ይሰጠኝና አርባ ሁለት ላይ አቁሚው ይለኛል። መንጋጋውን ገፋ አድርጌ፣ መስመሩን ከመስመር አገናኝቼ፣ ትንሿን ብሎን አጠብቃታለሁ። ተቀብሎኝ ክፍተቱን በጣቱ ጫፍ ይዳስሰዋል። ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍናል። ማርክ በልቡ እየደመረልኝ ነው እል ነበር። ከዚያ «ጎበዝ» ይለኝና ከምሳው ከፍሎ ያጎርሰኛል።

አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ይርጋጨፌ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስፈትን መልሱን አውቄ ነው የምጠይቃቸው። አባቴ ግን መልሱን አያውቀውም ነበር። ዓይኑ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበበት ሄዶ፣ በዚያ ዓመት ደቃቅ ጽሑፍ ጨርሶ ጠፍቶበት ነበር።

*

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ትምህርት ቤታችን የመጡት በጥቅምት ነው። የሮኬት ክበብ አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ሳይንስ እናስተምርላችሁ ብለው ርዕሰ መምህሩን ለመኑት። ስድስት ሰባት ይሆኑ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ሁለቱን ነው። ቶሌራ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገር እጆቹ ከአፉ ቀድመው የሚናገሩ። ተናኘወርቅ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ በቀለም የተበከለ፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ። ሴት ሆና ስለ ሞተር ስታወራ የሰማናት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ከኛ መሀል ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ያልሰካች ልጅ አልነበረችም።

የመጀመሪያው ቀን ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡ። ሩብ ያህሉን ውሃ ሞሉት፣ አፉን በቡሽ ደፈኑት፣ በቡሹ መሀል የብስክሌት መንፊያ መርፌ ሰኩበት። ቶሌራ ሃይላንዱን ገልብጦ ሦስት ድንጋይ መሀል አቆመውና በየተራ እንድንነፋ ሰጠን። አሥራ አንደኛው ልጅ ሲነፋ ጠርሙሱ ጮኸና ጠፋ። ከኳስ ሜዳው ዳር ካለው ግራር በላይ ሄዶ ነበር። ውሃው ከኋላችን ቆመው ሲታዘቡ የነበሩትን ምክትል ርዕሰ መምህር ከራስ እስከ እግር አለበሳቸው።  ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ሳቁ። እኛም ቀይ አፈር ላይ ተንከባልለን ሳቅን።

ተናኘወርቅ ጠርሙሱ ለምን ተመልሶ ወደቀ ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ስበት አሉ፣ ክብደት አሉ፣ አንዱ ደከመው አለ። እኔ እጄን አውጥቼ የሚገፋው አለቀበት አልኩ። ቀረብ ብላ ስሜን ጠየቀችኝና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ወደ ህዋ ከሚሄዱት መሀል ነው የጻፈችኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አዳረስኩ። የስም መቆጣጠሪያ እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ የተማሪ ስም መጥራት ስጀምር ነው።

በታኅሣሥ እውነተኛ ሮኬት እንሠራለን አሉን። ከስኳርና ከማዳበሪያ ጨው የሚሠራ ነዳጅ አለው፣ በቱቦ ውስጥ ይነድዳል፣ ጋዙ በታች በኩል ባለች ጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ቶሌራ በጠመኔ ሣለልንና ቀዳዳዋን ጉሮሮ ብለን እንድንጠራት ነገረን። ሁሉ ነገር በጉሮሮዋ ልክ ነው፤ ብትሰፋ ሮኬቱ አይነሳም፣ ብትጠብ ይታነቃል አለ። ችግሩ ያንን የሚቀርጽላቸው ሰው ማጣታቸው ነበር። አንድ ቦታ ሠርተውላቸው ተጣሞባቸዋል።

ብድግ ብዬ «አባቴ ይሠራዋል» አልኩ።

*

ሰኞ ዕለት ሁለቱን መርቼ ወሰድኳቸው። አባቴ ከማሽኑ ቀና ብሎ ሰላም አላቸው። ወረቀቱን ሲሰጡት ተቀብሎ ብዙ ቆየበት። ከዚያ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አላቸው። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሥራ እንዳልበዛበት አውቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ የሚውልበት ቀን ነበር። እጅጌውን ይዤ «አባዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አልኩት። ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል አተኩሮ አየኝ። «እሺ፣ ተዉልኝ» አለ።

ያን ጊዜ ስስት መስሎኝ ነበር። ለነጋዴ የሚሠራው እጅ ለልጆች ሲሆን ለምን ይከብደዋል ብዬ ታዘብኩት። አባቴ የወፍጮ ጥርስ ሲመጣለት ስባሪውን በጣቱ ዳስሶ አምሳያውን ይቀርጽ ነበር። ብረቱ ራሱ ይነግረዋል፤ ዓይን ብዙም አያስፈልገውም። የሮኬቱ ጉሮሮ ግን የሚዳሰስ አምሳያ አልነበረውም። ገና አልተሠራም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር ያለው።

ፈተናዬ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያዋ ጉሮሮ ለትንሽ ሙከራ የምትሆን ነበረች። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ያንን ቁጥር ለሦስት ቀን ደጋግሞ ስለጠየቀኝ በቃሌ ያዝኩት። አባቴ ቀርጾ ሲጨርስ እንደ መስታወት የምታበራ፣ መዳፍ የምትሞላ ብረት ሆነች። የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ ግቢያቸው ውስጥ ሞክረዋት ሠራች። ቶሌራ ቶርኖ ቤት ድረስ መጥቶ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጠውና ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች አለው። አባቴ ሳቀ። ዘወትር የማይስቅ ሰው ነው፤ ሲስቅ የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት እራት ከበላን በኋላ በግርግዳው ስንጥቅ የእናቴና የአባቴ ወሬ ተሰማኝ። እናቴ አሰገደች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እስከ መቼ ነው የምትደብቀው አለችው። እሱ ይቺ ልጅ ትምህርቷን እስክትጨርስ አላት። እሷ ሐዋሳ ሄደህ ታይ ስትለው፣ ከታየሁ ይጻፋል፣ ከተጻፈ ገሪማ ጆሮ ይደርሳል ብሎ መለሰላት። ቆይቶ እናቴ ስትጸልይ ተሰማኝ፤ ስሜን ሁለቴ ጠራች።

የሚደበቀው ለኔ የተገዛ ስጦታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ብስክሌት ይሆናል አልኩ። ሐዋሳ የተባለውም ብስክሌት የሚሸጠው እዚያ ስለሆነ ነው። ጋሽ ገሪማ ደግሞ ወሬ አይይዝም፤ ሲያገኘኝ ሊያፈነዳው ይችላል። በማግስቱ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት አልጋ ሥር ገባሁ፣ የቆጥ ላይ ከረጢቶችን አራገፍኩ። ምንም አላገኘሁም። ቢሆንም ለብዙ ሳምንት ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

*

ትልቁ ሮኬት በመጋቢት ሊተኮስ ነበር። ቁመቱ እኔን ያህላል። ቀኑ ድንገት ተሳበ፤ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቅዳሜ መሆን አለበት ተባለ። ቶሌራ አዲሱን ወረቀት ለአባቴ ያደረሰው ሐሙስ ማታ ላይ ነው፤ ጉሮሮዋን ቅዳሜ ጠዋት እንደሚወስዳት ተስማሙ። የሮኬቱን ማስነሻ ቁልፍ የምጫነው እኔ እንደሆንኩም ያን ቀን ነው የነገረኝ። የብረቱ ጌታ ልጅ ናት፣ መልስም ትመልሳለች ብላ የመረጠችኝ ተናኘወርቅ ነበረች።

ዓርብ ምሳ ሰዓት። ከክፍሌ ልጅ ከቦንቱ ጋር ለእንግዶቹ የምንዘምረውን ልንለማመድ ተቃጥረናል። ምሳውን አስቀምጬ ልወጣ ስል አባቴ ወረቀቱን ዘረጋ። ቦንቱ በሩ ላይ ቆማ በአንድ እግሯ ትዘላለች። የውጭውን ስፋት ጠየቀኝ፤ አይቼ ነገርኩት። ርዝመቱን ጠየቀኝ፤ አይቼ ነገርኩት። ካሊፐሩን ሁለት ጊዜ አቆምኩለት። ቦንቱ «ነይ እንጂ» አለች።

«ጉሮሮውስ?» አለ አባቴ።

ፊቴ ወደ በሩ ነበር። ጉሮሮውን አውቀዋለሁ። ስንት ቀን ነው የተፈተንኩት።

«ዘጠኝ።»

«አይተሽ ነው?»

«አይቼ ነው።»

ካሊፐሩን ዘጠኝ ላይ አቁሜ ሰጠሁት። ዳሰሰው። ሌላ ጊዜ ከሚዳስሰው ረዘም አድርጎ ዳሰሰው። እኔ በሩን አልፌ ነበር። «ጠበበ እንዴ?» ያለ መሰለኝ፤ ለራሱ እንጂ ለኔ አልነበረም። ቦንቱ እጄን ይዛኝ ሮጥን።

*

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሌሊቱ ዝናብ የኳስ ሜዳው ሣር እርጥብ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቡና አብቦ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። እንግዶቹ ከመምህራን ክፍል በወጡ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ልጆች በኖራ ከተሰመረው መስመር ኋላ፣ ወላጆች ከልጆች ኋላ። ሮኬቱ ሜዳው ማዶ ነጭና ቀይ ተቀብቶ ቆሟል። ቶሌራና ተናኘወርቅ በአሸዋ ከረጢት ከለላ ሥር ናቸው፤ ከእነሱ ወደኔ የሚመጣ ረጅም ሽቦ አለ፤ በሽቦው ጫፍ ቁልፉ እጄ ላይ።

አባቴ ለቤተክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ እናቴን ክንዷን ይዞ መጣ። ክንዷን መያዙ ገረመኝ፤ ሰው ፊት እንዲያ አያደርግም ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የት ነው ያቆሙት አለኝ። ሮኬቱ ፊት ለፊቱ ነው። ልጆቹ ሰምተው ሳቁ። «ያውልህ፣ ፊትህ ላይ» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ። ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ኋላ ቆጠርን። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ተጫንኩት።

መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ። ፉጨት ተሰማ፤ ፉጨቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ሮኬቱ አልተነሳም። ከዚያ ምድር ከሥሬ የተነቀነቀ ያህል ፈነዳ። የቱቦው ስብርባሪ በሜዳው ላይ ሲዘንብ አየሁ። ከወንበሮቹ አንዱ ተገለበጠ። ልጆች እየጮኹ ሸሹ። ከአሸዋ ከረጢቱ ኋላ ቶሌራ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ይዞታል፣ በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል። ተናኘወርቅ ሻርፗን ፈትታ ትጠቀልልለታለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ቀና ብሎ ሰማዩን እያየ ነበር። ፈገግ ብሏል፤ የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እጁን ያጨበጭባል።

«ወጣ?» አለኝ። «ሩሂ፣ ወጣ?»

በሕይወቴ ሰው ጠልቼ የማውቅ ከሆነ ያን ጊዜ ነው። ተሳለቀብን አልኩ። እናቴ ክንዱን ጎትታ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቆሙ።

ቶሌራን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ተናኘወርቅ ግን ቀርታ በሣሩ መሀል ስትፈልግ ቆይታ ጉሮሮዋን አገኘች። ከቶሌራ ቦርሳ ካሊፐር አውጥታ ለካችው። ደግማ ለካችው። ከዚያ ወደ አባቴ መጣች፤ አልጮኸችም፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘጠኝ ነው። እኛ እኮ አሥራ አራት ነበር የጻፍነው።»

ሰው ሁሉ አባቴን አየ። እንግዶቹ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የክፍሌ ልጆች። ዘጠኝ ሲባል የራሴ መልስ ትዝ ቢለኝም ሥፍራ አልሰጠሁትም። እኔ ፈተና ነው የተሳሳትኩት። መምህር በተማሪ መልስ ቤት አይሠራም። ወረቀቱ በእሱ እጅ ነበር፣ ብረቱ በእሱ እጅ ነበር፣ ትልቁ ሰው እሱ ነበር። ልጆቹ ደግሞ አሁን እኔን ማየት ጀምረዋል፤ ቁልፉ ገና እጄ ላይ ነው።

«አባቴ ነው ያበላሸው» አልኩ።

አባቴ ድምፄ ወደመጣበት ዞረ። 

«እውነቷን ነው» አለ። «ቁጥሩን አሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

*

ሰኞ ዕለት ጋሽ ገሪማ ወሬውን ሰምቶ አባቴን ወደ ውስጥ ጠራው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። ጋሽ ገሪማ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ወረቀት ሰጥቶት እስቲ አንብብልኝ አለው። አባቴ ወረቀቱን ያዘው። ጋሽ ገሪማ ከእጁ ወሰደና አቃንቶ መለሰለት፤ ገልብጦ ይዞት ነበር። ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ። ማየት የማይችል ሰው በሚሽከረከር ብረት ፊት ላቆም አልችልም፣ አንድ ቀን እጅህን ይበላሃል አለው። አባቴ አልተከራከረም። ቱታውን አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ መጣ።

ለኔ የተነገረኝ ሥራ ለቀቀ ብቻ ነው። ወናጎ ወዳለው የታላቅ ወንድሙ የወልዱ መሬት ሄደ፤ እናቴ ከኔ ጋር ዲላ ቀረች፣ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ። አፍሮ ሸሸ ብዬ አመንኩ። የሮኬት ክበቡ ቅዳሜ መምጣቱን አቆመ። እኔን ትምህርት ቤት ውስጥ ፈንጂ ይሉኝ ጀመር። ፀጉሬ ውስጥ የምሰካውን እርሳስ አውጥቼ ጣልኩት።

አባቴ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውላል። እናቴ አውርታ ስትጨርስ ስልኩን ትሰጠኛለች። ትምህርት እንዴት ነው ይለኛል። ደህና እላለሁ። ቁጥር ላይ ጎበዝ ነሽ፣ እንዳትተዪው ይለኛል። እሺ እላለሁና ለእናቴ እመልሳለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው። የመኪና መንገዱ ዳር ከዲላ ወናጎ ሚኒባስ በየደቂቃው ይጮኻል። አንድም ቀን አልተሳፈርኩም።

በአሥራ አራት ዓመቴ ለፋሲካ እናቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ስንደርስ ቀትር ነው። ከቤቱ በር እስከ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ እስከ ሽንት ቤቱ ገመድ ተዘርግቷል። ልብስ ማስጫ መስሎኝ ነበር። አባቴ ያንን ገመድ በመዳፉ እየተከተለ መጣ። እናቴ ልጅህን አምጥቼልሃለሁ ስትለው ቆመ፤ ገመዱን ሳይለቅ ሌላ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። የዘረጋው እኔ ወደሌለሁበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ሰው ቁጥር ልኮልኝ ነበር፣ እስቲ ይሄ ስንት ነው አለኝ። አነበብኩለት። በዚያው በማውቀው ድምፅ፣ በዚያው ቀስታ፣ «አይተሽ ነው?» አለኝ።

ምሳ ሰዓቱን ሁሉ፣ ወረቀቶቹን ሁሉ፣ ካሊፐሩን በአንድ ጊዜ አየኋቸው። ተነስቼ እንሰቱ ውስጥ ገባሁ፤ በቅጠሎቹ መሀል ተቀምጬ ልብሴን ነክሼ አለቀስኩ። የአጎቴ ሚስት ምን ሆንሽ ስትለኝ ሆዴን አልኩ።

ወረቀቱን ሳላይ ዘጠኝ እንዳልኩት ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። በዓመቱ እናቴ ሐዋሳ ወስዳው ሐኪሙ ከጥቂት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ የቀረውን እናድንልህ ነበር ሲለው ጭራሽ አፌ ተዘጋ። በየበዓሉ እሄዳለሁ፣ ሸሚዝ እወስድለታለሁ፣ ጢሙን እላጨዋለሁ። ያን ቃል ግን ዘጠኝ ዓመት ይዤው ዞርኩ።

*

ባለፈው ጥር ስልኬ ጠራ። ቶሌራ ነኝ አለኝ። ወርቃ በሚባል ቦታ አንድ የቡና ማጠቢያ ላይ የውሃ ፓምፕ ሊተክል መጥቶ፣ ዲላ ሲያልፍ ቶርኖ ቤቱን ጠይቆ፣ ጋሽ ገሪማ የእናቴን ቁጥር ሰጥቶት፣ እሷም የኔን ሰጥታው ነው። ጋሽ ደጀኔን ማየት እፈልጋለሁ አለ። እሑድ ዕለት ዲላ ተገናኝተን አብረን ወናጎ ሄድን። ፂም አውጥቷል፣ ወፍሯል። ያወቅሁት የሚኒባሱን በር ሲይዝ ነው፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የእንሰት ቃጫ ይገምድ ነበር። እግራችንን ሰምቶ «ሩሂ፣ ማንን ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አለ።

«ጋሼ፣ ቶሌራ ነኝ። የሮኬቱ ልጅ።»

ቃጫው ቆመ። አባቴ ከጭኑ ላይ አራግፎት እጁን ዘረጋ፤ «እጅህን ስጠኝ» አለ። ቶሌራ ቀኙን ሰጠው። ሌላኛውን አለው። ግራውን ተቀብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ዳሰሳቸው፤ የወፍጮ ጥርስ እንደሚዳስሰው። የታጠፉት ሁለቱ ላይ ሲደርስ ሊያቃናቸው ሞከረ።

«አይዘረጉም?»

«አይዘረጉም ጋሼ። ለሥራ ግን አላስቸገሩኝም።»

አባቴ እጁን አልለቀቀውም። ቶሌራ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠና ሊናገረው ብዙ ጊዜ የተለማመደው መሆኑ በሚያስታውቅ ድምፅ ተናገረ። ያን ቀን ካሊፐሩ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ማንኛውንም ብረት ሳይለኩ መግጠም እንደማይገባ ያውቃል፤ ለኛ ለልጆቹ ራሱ ያስተማረን ነው። እንግዶቹ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ሲያዩ ቸኮለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ጥፋቱ የጋሽ ደጀኔ ነው ተብሎ አልቆ ጠበቀው፤ ተመረቀ፣ ሄደ። «ልለካው እችል ነበር» አለ። «ዝም አልኩ፤ እርስዎ ሲወቀሱ ዝም አልኩ።»

ከዚህ በኋላ እኔ እንዴት ዝም እላለሁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ዘጠኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። ወረቀቱን አላየሁትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«ልጅቷ አሥራ አራት ስትል ነዋ።»

ከቤት ውስጥ የአጎቴ ራዲዮ ይሰማል፣ መዝሙር ነው። አባቴ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ ተናገረ። ጠባብ ነው ብሎ ጣቴ ነግሮኝ ነበር አለ። ለዚያ ለሚያህል ቱቦ ዘጠኝ እንደማይበቃ እጁ ያውቃል፤ ካሊፐሩን ይዞ ብዙ ቆይቷል። ለቶሌራ ደውሎ ስንት ነበር ሊለው ስልኩን አንስቷል። ጽፈን ሰጥተንህ የለም ወይ ቢሉኝ ምን እላለሁ ብሎ አስቀመጠው። ለገሪማ ልጅ እንዲያይለት ሊሰጠው ወረቀቱን አጥፎ ነበር፤ እሱንም ተወው። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ይቺ አንድ ሥራ ብቻ ትለፍ ብሎ ጸለየና ቀረጸው።

«ፈርቼ ነው» አለ። «የሰው ልጅ እጅ የሄደው እኔ ስለፈራሁ ነው።»

ቶሌራ ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። አባቴ በነፃ እጁ ራሱን ፈልጎ አገኘውና ዳበሰው።

«ስንት ዓመትህ ነበር ያኔ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ልጅ ነበርክ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ትንሽ ስቶኛል፣ ከትከሻዬ ወዲያ ያለውን ነው ያየው። «አንቺም ልጅ ነበርሽ።»

ሁለታችንም በዚያ ቃል ሥር ተሸሽገን አለቀስን። እሱ አላለቀሰም። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የማይዘረጉትን ሁለት ጣቶች በመዳፉ እንደያዘ፣ እስክንጨርስ ጠበቀን።

አባቴ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እሱን ልጅ ነበርክ የሚለው ሰው የለም።